በደብዳቤ ያለፈ ዕድሜ

የሁለት አብሮ አደጎች ፍቅር፣ የአየርላንድ ፖስታ እና ገና ያልተጻፈው የእኛ ልብ ወለድ

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታዞር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከአንዱ ዴስክ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ላኪዋ ሮዚ ደን ናት፤ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ተቀባዩ አሌክስ ስቱዋርት ይባላል። መጀመሪያ የሚጻጻፉት ስለ ልደት ግብዣ ነው፤ ከዚያ ኩርፊያ ይመጣል፣ ከዚያ እርቅ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ መምህርቷ የአፍ ጠረን የሚንሾካሾኩት ሁሉ። አሌክስ አንዲት ተራ ቃል ሲጽፍ ሁልጊዜ ሆሄ ይገድፋል። ሮዚም ሁልጊዜ ታርመዋለች።

አንባቢው እነዚህን ወረቀቶች አንድ በአንድ ያነባል እንጂ ክፍሉን አያይም። ልጅቷ ስትስቅ ምን እንደምትመስል፣ ልጁ ሲናደድ እጁን የት እንደሚያደርግ የሚነግረው ተራኪ የለም። ያለው ልጆቹ የጻፉት ብቻ ነው። ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ተነስቶ ታሪኩ በልደት ካርድ፣ በፖስታ ደብዳቤ፣ በኢሜይልና በፈጣን የኮምፒውተር መልእክት እየተንከባለለ ሁለቱን ልጆች ሃምሳ ዓመት እስኪደፍኑ ድረስ ይከተላቸዋል።

መጽሐፉ «ዌር ሬንቦውስ ኤንድ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ቀስተ ደመና የሚያልቅበት» እንደማለት ነው። ደራሲዋ የደብሊን ልጅ ሲሲሊያ አኸርን ናት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም 23 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያ ሥራዋ «ፒ.ኤስ. አይ ላቭ ዩ» የሞተ ባል ለሚስቱ ትቷቸው ባለፈ ደብዳቤዎች ላይ የቆመ ነው። ብዙዎቻችን ሮዚንና አሌክስን የምናውቃቸው ግን በመጽሐፉ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሊሊ ኮሊንስና ሳም ክላፍሊን በተወኑበት «ላቭ፣ ሮዚ» በተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ደስ ይላል፤ ሆኖም የታሪኩን ዋና ነገር፣ ደብዳቤውን፣ ወደ ጎን ገፍቶታል። እስከ ሃምሳ ዓመት ዕድሜ የሚያስጠብቀውን ትዕግሥትም አሳጥሮታል።

ተራኪ የሌለበት ታሪክ

የታሪኩ አጥንት ቀላል ነው። ሮዚና አሌክስ በጉርምስናቸው ዘመን ሳሉ የአሌክስ ቤተሰብ ለሥራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ይዛወራል። በአየርላንድ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ ሙሉ ልብስና ረጅም ቀሚስ ለብሰው የሚገኙበት የጭፈራ ምሽት አለ። አሌክስ ለዚያ ምሽት ከባሕር ማዶ ሊመጣላት ቃል ይገባል፤ አውሮፕላኑ ግን በሰዓቱ አያደርሰውም። ሮዚ ከሌላ የክፍል ጓደኛዋ ጋር ትሄዳለች፤ ከዚያች ሌሊትም ታረግዛለች። ቦስተን ሄዳ የሆቴል አስተዳደር ለመማር የያዘችው ዕቅድ ይፈርሳል። አሌክስ ሃርቫርድ ገብቶ ሕክምና ይማራል፤ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይሆናል። እሷ ደብሊን ቀርታ ልጇን ኬቲን ታሳድጋለች። እሱ ያገባል፣ እሷም ታገባለች። መጻጻፉ ግን አይቋረጥም።

ይህን ታሪክ በተለመደው መንገድ የሚተርክ ደራሲ በሮዚ ልብ ውስጥ ገብቶ «ትወደው ነበር» ብሎ መጻፍ ይችላል። በደብዳቤ የሚጽፍ ደራሲ ይህ መብት የለውም። ሮዚ ለአሌክስ የምትጽፈው አሌክስ ቢያውቀው የማትፈራውን ብቻ ነው። ለእህቷ የምትጽፈው ሌላ፣ ለጓደኛዋ ለሩቢ የምትጽፈው ሌላ፣ እያደገች ለመጣችው ልጇ የምትጽፈው ሌላ ነው። አንባቢው እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ለአንዱ «ደስ ብሎኛል» ብላ ጽፋ ለሌላው ማልቀሷን ስትናገር የምናገኛት በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ነው።

> ደብዳቤ የተጻፈውን ያህል ሳይጻፍ የቀረውንም ያሳያል።

የመጽሐፉ የከበደው ቦታም የሚያርፈው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። አሌክስ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልቡን ከፍቶ ይጽፋል። ባልሽ ለአንቺ የሚገባ ሰው አይደለም፣ እኔ ግን አለሁልሽ የሚል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሮዚ ባል እጅ ይገባል፤ እሱም ይደብቀዋል። አንባቢው አንብቦታል፤ ሮዚ ግን አላነበበችውም። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ተራ ወሬ ቢመስሉም ሲነበቡ ያማሉ። ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ አየር ጠባይ የምትጽፈው እያንዳንዱ መስመር ሳታውቀው መልስ ይሆንበታል። እሱም ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ይወስደዋል። ደብዳቤው ሮዚ እጅ ሲደርስ ብዙ ነገር አልፏል።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን ዓይነት አጻጻፍ ሲያስተምሩ አጥብቀው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በደብዳቤ ልብ ወለድ ውስጥ አንባቢ ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የበለጠ ያውቃል፤ ግን እጁ ታስሯል። ሊጮህ ይፈልጋል፤ የሚሰማው የለም። የስሜቱ ኃይል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

«አንድ ስልክ ቢደዋወሉስ?»

መጽሐፉን የማይወዱ አንባቢዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ዋዛ አይደለም። ይህን ያህል አጋጣሚ በአንድ ሕይወት ላይ አይደራረብም ይላሉ። አውሮፕላን ይዘገያል፣ ደብዳቤ ይደበቃል፣ አንዱ ሲፈታ ሌላው ያገባል። ሁለት አዋቂ ሰዎች ስልክ አንስተው በአምስት ደቂቃ ሊጨርሱት የሚችሉትን ጉዳይ ለምን አርባ ዓመት ይጎትቱታል? በተለይ ወጣት አንባቢዎች በዚህ ይበሳጫሉ።

አብሮ አደጉን የወደደ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። የማያውቁትን ሰው ወድዶ እምቢ መባል ያሳዝናል፤ ቢሆንም ሰውየው ከመጀመሪያውም የእርስዎ አልነበረም። አብሮ አደግን መውደድ ሌላ ነው። ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ መልሱ እምቢ ከሆነ የሚጠፋው ፍቅረኛ ብቻ ሳይሆን የልጅነት ምስክርም ነው። የመጀመሪያ ጥርስዎ ሲወልቅ የነበረ፣ እናትዎ ሲቆጡ የሰማ፣ ፈተና ሲወድቁ ያየ ሰው ሁለተኛ አይገኝም። ሮዚና አሌክስን ያሰራቸው የአውሮፕላኑ መዘግየት አይደለም። እየተገናኙም እየተጻጻፉም ያቺን አንዲት ነገር እየዘለሉ ማለፋቸው ነው። አኸርን ይህን ፍርሃት አውቃዋለች፤ መጽሐፉንም ከነጉድለቱ የሚያቆመው ይኸው ነው።

> አብሮ አደጉን የወደደ ሰው የሚፈራው እምቢታን ብቻ አይደለም፤ የልጅነት ምስክሩን ማጣትንም ነው።

አረንጓዴው የፖስታ ሣጥን

ደብሊን ከተማ መሐል፣ በኦኮኔል ጎዳና ላይ፣ ትላልቅ አምዶች የተሸከሙት ዋና ፖስታ ቤት ቆሟል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በፋሲካ ሰሞን የአየርላንድ ታጋዮች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲነሱ ዋና ሠፈራቸው ያደረጉት ይህንኑ ሕንፃ ነበር፤ የሪፐብሊኩ አዋጅም የተነበበው በደጃፉ ነው። አንድ ሕዝብ የነፃነቱን ቃል ከፖስታ ቤት ደጅ ላይ ሲያሰማ በዓለም ላይ ብዙ የሚታይ ነገር አይደለም።

በከተማው ጎዳናዎች ላይ የሚታዩት የብረት ፖስታ ሣጥኖችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በእንግሊዝ ዘመን ቀይ ነበሩ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 የራሷን መንግሥት ስታቋቁም አረንጓዴ ተቀቡ። አንዳንዶቹን ጠጋ ብለው ሲያዩ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የንግሥት ቪክቶሪያ ወይም የንጉሥ ኤድዋርድ ስም ምልክት በብረቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። መንግሥት ቢለወጥም ሣጥኑ ሥራውን ቀጥሏል።

የአየርላንድ ሰዎች ደብዳቤን የሚወዱበት ምክንያት መራር ነው። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ታላቅ ረሃብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገር ጥሎ ተሰደደ። ከዚያም በኋላ ስደቱ ለትውልዶች አልቆመም። ልጅ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቤተሰቡ በዋዜማው ሌሊት ጎረቤት ጠርቶ እንደ ለቅሶ ቤት አብሮ ያድር ነበር፤ የሄደ አይመለስም ተብሎ። ከዚያ ወዲያ የሚጠበቀው ከአሜሪካ የሚመጣው ፖስታ ነው። በውስጡ ገንዘብ ይኖርበታል፣ አንዳንዴም ለታናሽ እህት የመርከብ ቲኬት። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ደብዳቤው በጎረቤት ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር።

ቦስተን ከእነዚያ ስደተኞች ዋና መድረሻዎች አንዷ ናት። አኸርን አሌክስን ወደ ቦስተን ስትልከው የአገሯ ሰዎች ሁሉ በሚያውቁት አሮጌ መንገድ ላይ ነው የላከችው። ኢሜይሉ አዲስ ቢሆንም ከደብሊን ወደ ቦስተን መጻፍ አዲስ አልነበረም።

ከማተሚያ ቤት የወጣ ፈጠራ

በደብዳቤ ልብ ወለድ መጻፍ የቆየ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 የለንደኑ አታሚ ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ»ን አወጣ። ሰውየው መጀመሪያ የተጠየቀው መጻፍ ለማይሆንላቸው ሰዎች የናሙና ደብዳቤዎች መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ነበር። ያንን ሲሠራ ደብዳቤዎቹ ታሪክ እየሆኑ መጡበት፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ ስለ ጌታዋ ለወላጆቿ የምትጽፈው ልብ ወለድ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1774 ጀርመናዊው ጎተ የወጣቱን የቬርተርን ሐዘን በደብዳቤ ጽፎ አውሮፓን አስለቀሰ። በ1782 ፈረንሳዊው ላክሎ ደብዳቤን የተንኮል መሣሪያ አድርጎ አሳየ። ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1846 ያወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ድሆች» የሁለት ምስኪን ጎረቤታሞች መጻጻፍ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ከአህጉራችን የተገኘው ነው። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው «እጅግ ረጅም ደብዳቤ» ባሏ የሞተባት ራማቱላይ በሐዘን ወራቷ ቤት ተቀምጣ ለአብሮ አደጓ ለአይሳቱ የምትጽፈው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ፍቅር የጓደኝነት ነው፤ ባል ሌላ ሴት ሲያገባባት፣ ልጆች ሲያድጉ፣ አገር ሲለወጥ ሳይበጠስ የቆየ። አጭር መጽሐፍ ናት፤ ያነበበ ግን አይረሳትም። ኦስትሪያዊው ዳንኤል ግላታወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በስሕተት በተላከ ኢሜይል የሚጀምር ሙሉ የፍቅር ልብ ወለድ አወጣ። መልእክት በሰከንድ በሚደርስበት ዘመን እንኳ ሁለት ሰዎች መጠበቅና መጠራጠር እንደሚያውቁ አሳየበት።

«ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ»

እኛስ? በደብዳቤ የኖርን ሕዝብ ነን። ታሪካችንም ያልተመለሰ ደብዳቤ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ላይ ለረጅም ጊዜ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን ንቀት አድርገው ቆጠሩት፤ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ ነገሩ መቅደላ ላይ አበቃ። አሌክስ የሮዚን ዝምታ እንደተረጎመው ሁሉ እሳቸውም የተረጎሙት ያልደረሳቸውን መልስ ነበር።

ወደ ተራው ሰው ስንወርድ ደግሞ የእኛ ደብዳቤ መንገዱ ራሱ ልብ ወለድ ነበር። ፖስተኛ ቤት ለቤት ስለማይዞር ፖስታው የሚያርፈው በሣጥን ቁጥር ነበር፤ ሣጥን የሌለው ደግሞ በትምህርት ቤቱ፣ በአጎቱ መሥሪያ ቤት ወይም በጎረቤት ነጋዴ በኩል ያስልክ ነበር። «ይድረስ ለ» ብሎ የሚጀምረው አድራሻ «በአቶ እገሌ በኩል» ብሎ ይጨርስ ነበር። ሌላው ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይሄድ ነበር፤ ሦስትና አራት ሰው ይነካዋል። ስንቱ በመንገድ ቀረ? ስንቱስ ባልታሰበ እጅ ወደቀ? በአባት ኮት ኪስ ወይም በታላቅ ወንድም ፍራሽ ሥር ስንት የፍቅር ደብዳቤ ተደብቆ ቀረ? የሮዚን ባል ሥራ ለማመን የእኛ አንባቢ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

የአጻጻፉም ወግ ነበረው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ክረምቱ ሁሉ ይጠየቃል። «እኔ ከናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» ሳይባል ወደ ጉዳዩ አይገባም። ተማሪ ቤት ውስጥ እጅ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ የጓደኞቹን የፍቅር ደብዳቤ ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ ዳር ዳሩን በአበባና በቀስት በተወጋ ልብ ያስጌጠዋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም ሲያስታውሱት የሚናገሩት ስለ ፍቅሩ ብቻ አይደለም፤ መልሱን ስለጠበቁባቸው ሳምንታትም ነው። ከዚያም የካሴት ዘመን መጣ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው ይልካሉ፤ ቤተሰብ ቴፑን ከብቦ ያዳምጣል፤ እናት ለካሴቱ መልስ ትሰጣለች።

ሁለት ሰማያዊ ምልክት

ዛሬ ካሴቱም ፖስታውም ቦታቸውን ለስልክ ለቀዋል። በሪያድ፣ በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙት በኢሞና በዋትስአፕ ነው። ብዙዎቹ ከመጻፍ ይልቅ ድምፅ መላክን ይመርጣሉ፤ ሥራ እየሠሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ የተመለሱ ሴቶች ሲናገሩ ከሁሉ በላይ የከበዳቸው ስልክ የተቀሙባቸው ወራት እንደሆነ ይገልጻሉ። አገር ቤት ያለው ዝምታውን እንደ መርሳት ይቆጥረዋል። እጮኛ ይቀየማል፤ አንዳንዱም ሌላ ያገባል። ከቴል አቪቭ እስከ ዋሽንግተን ያለው አበሻም ልደቱን፣ ሠርጉንና መርዶውን የሚሰማው በዚያው መስኮት ነው።

በዋትስአፕ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ጥርጣሬን ያጠፋሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ወጣቶች ግን ተቃራኒውን ይናገራሉ። አሁን ጭንቀቱ «ደርሶት ይሆን?» ከሚለው ወደ «አንብባ ለምን ዝም አለች?» ወደሚለው ተሻግሯል። ጽፎ ማጥፋት አለ፤ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብልጭ ብሎ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በሌሊት ተልኮ ጠዋት የተሰረዘ መልእክት አለ። አንድ ጎበዝ ደራሲ ከዚህ ሁሉ ስንት ትዕይንት ሊያወጣ ይችላል!

> ስልኩ መንገዱን አሳጠረው፤ ፍርሃቱን ግን አላሳጠረውም።

በቴሌግራም ቻናሎች በአማርኛ የሚወጡ ተከታታይ የፍቅር ታሪኮች ይህን ጥም ያሳያሉ። ክፍል በክፍል ይለቀቃሉ፤ «ይቀጥላል» ሲባል አንባቢው ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ምን መሆን እንዳለበትም ለደራሲው ይመክራል። መጽሐፍ አዟሪዎች ወጣቱ አያነብም ብለው ሲያማርሩ ይሰማል። ወጣቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ እያነበበ ነው። የሚገርመው እነዚህ ታሪኮች በመልእክት መስኮት ውስጥ እየተነበቡ አብዛኞቹ በመልእክት አለመጻፋቸው ነው። ሁሉን አዋቂ ተራኪ የገጸ ባሕርያቱን ልብ አንድ በአንድ እየገለጠ ይነግረናል፤ አንባቢው እንዲገምት የሚተውለት ጥቂት ነው።

ለጸሐፊዎቻችን

እ.ኤ.አ. 1908 ለእኛ ሁለት ነገር የተገጣጠመበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በዚያው ዓመት የአፈወርቅ ገብረየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ ሮም ላይ ታተመ። ደብዳቤያችን በይፋ ወደ ዓለም የወጣበትና ልብ ወለዳችን በሰው አገር የተወለደበት ዓመት አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝባችን ይበልጥ ተበትኗል፤ መልእክቱም በዝቷል። ሁለቱን ያገናኘ፣ በደብዳቤና በመልእክት ብቻ የቆመ፣ አንድ ትውልድ «ይህስ የእኔ ነው» የሚለው ታላቅ የአማርኛ ልብ ወለድ ግን ገና እየተጠበቀ ነው።

ቅርጹ ለእኛ የተሰፋ ነው። በአንድ ግቢ አብረው ያደጉ፣ አንዱ ጎንደር ቀርቶ ሌላዋ ጅዳ የሄደች፣ አንዱ ደሴ ሲያስተምር ሌላዋ ሚኒሶታ ሌሊት የምትሠራ ስንት ሮዚና አሌክስ አሉን። ታሪካቸው ግማሹ በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ባለ ፖስታ፣ ግማሹ በተሰበረ ስልክ ውስጥ ነው። ደራሲዎቻችን ይህን ቅርጽ ይሞክሩት። ተራኪውን ዝም አሰኝተው ሰዎቹ ራሳቸው እንዲጻጻፉ ይፍቀዱላቸው፤ አንባቢውም የጎደለውን ሞልቶ እንደሚያነብ ይመኑት።

እርስዎም አንባቢ፣ የእናትዎን ደብዳቤዎች አይጣሉ። ስልክ ሲቀይሩ የድሮ መልእክቶችን ሳያስቀምጡ አያጥፉ። ዓመታት ሙሉ ያልነገሩት አብሮ አደግ ካለዎት ደግሞ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላዎት አይጠብቁ፤ ዛሬ ይጻፉለት።